ጠቢብና ጠይብ አንድ ቃል ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። ጋዜጣችሁን ለብዙ ዓመታት አንብቤያለሁ፤ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ብዕር ያስነሣኝ በቅርቡ ስለ ዓለም አስማተኞችና ጠንቋዮች ያወጣችሁት ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን ወድጄዋለሁ፤ የማላውቀውንም አስተምሮኛል። አንድ ቦታ ላይ ግን በጣም ከፋኝ። የእንግሊዞቹ መርሊን ሲነሣ ነጭ ጢሙን ያንዠረገገ፣ ንጉሥ የሚያማክር፣ ኮከብ የሚያነብ ጠቢብ ሆኖ ቀረበ። የእኛ ተራ ሲደርስ «ደብተራ» ተባለና መተት፣ ድግምት፣ ጥቁር ዶሮ፣ ጨለማ ቤት ተዘረዘረ። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ የደብተራ የልጅ ልጅ ነኝ። ቴሌቪዥን ላይ ጥምጣም የጠመጠመ ክፉ ሰውዬ ብቅ ባለ ቁጥር ልጆቼ ዞረው እኔን ያያሉ። ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

አያቴ ምን እንደነበሩ ልንገራችሁ። በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው ከቤት ወጡ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ለዜማው፣ ለድጓ ጋይንት፣ ቤተልሔም ሄዱ። ከዚያ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ። ለቅኔ ጎጃም ተሻገሩ። ተመልሰው የማኅሌቱን አቋቋም እዚሁ ጎንደር፣ በዓታ ቤተ ክርስቲያን ተማሩ። በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ ለምነው፣ ውሻ ነክሷቸው፣ ክረምቱን በሣር ጎጆ አሳልፈው፣ እንዲህ እያሉ ከ20 ዓመት በላይ ተምረዋል። ደብተራ ማለት ይህ ነው። ቄስ ባይሆንም ማኅሌቱን የሚቆመው፣ ቅኔውን የሚዘርፈው፣ ዜማውን በቃሉ ይዞ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያስረክበው እሱ ነው። ጥምቀት ዕለት መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ሲያሸበሽቡ እንግዳው ሁሉ ፎቶ የሚያነሣቸው እነዚህኑ ሰዎች ነው።

አያቴ ክታብም ይጽፉ ነበር። ይህን አልደብቅም፤ እንዲያውም በደንብ ልናገረው የምፈልገው ይህንን ነው። የፍየል ቆዳ ፍቀው፣ ወጥረው ብራና ያወጣሉ። ርዝመቱ ክታቡን ከሚይዘው ሰው ቁመት ጋር እኩል እንዲሆን ሰውየውን አቁመው ይለኩታል። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ነው፤ የሰውየው የክርስትና ስም የሚገባው በቀይ ነው። ላዩ ላይ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ ይሣላል፣ መካከሉ ላይ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ ዙሪያውን ደግሞ ዓይን፣ ዓይን፣ ዓይን። ጠልሰም የሚባለው እሱ ነው። ክፉው መንፈስ ያንን ሥዕል ሲያይ ደንግጦ ይወጣል ይሉ ነበር አያቴ። ከዚያ ይጠቀለልና ቆዳ ውስጥ ይሰፋል፤ አንገት ላይ ይታሰራል።

የሚያስጽፈው ማን መሰላችሁ? በብዛት ልጅ የሞተባት እናት ናት። ሁለት፣ ሦስት ቀብራ አራተኛውን ያረገዘች። በእሷ ክታብ ላይ የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት ይጻፋል፤ ሕፃናትን የምትገድለዋን ወርዝልያን እንዴት እንዳሸነፋት ታሪኩ ይተረካል። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። አይሁድ ሊሊት የምትባለውን ሕፃን ነጣቂ ለማራቅ የመላእክት ስም የተጻፈበት ክታብ አራስ ቤት ውስጥ ይሰቅሉ ነበር። ግሪኮችም ጌሎ የሚሏት ነበረቻቸው። ልጅ የሚሞተው በምን እንደሆነ ሐኪም ሊነግራት በማይችልበት ዘመን አንዲት እናት የምትይዘው ነገር ያስፈልጋት ነበር፤ ያንን የሚሰጣት ደግሞ መጻፍ የሚችለው ሰው ነው። አስማት የሚለው ቃል ራሱ እኮ በግዕዝ የስም ብዙ ቁጥር ነው፤ «ስሞች» ማለት ነው። ክታቡ ላይ ያለው የፈጣሪ ስሞች ናቸው። መጻፍ በማይችል መንደር ውስጥ ስም የሚጽፍ ሰው ይፈራል። ከፍርሃቱም ነው ቃሉ የተጣመመው።

እስቲ ሌሎቹንም ቃላት ተመልከቱ። ገና በመጣ ቁጥር ሰብአ ሰገልን እናነሣለን፤ ወርቅ፣ ዕጣን፣ ከርቤ ይዘው የመጡትን። ሰገል በግዕዝ ጥንቆላ፣ ኮከብ ቆጠራ ማለት ነው። በግሪኩ «ማጎይ» ይላቸዋል፤ መጀመሪያ የፋርስ ካህናት ስም ነበር። የሐዋርያት ሥራ ላይ ደግሞ ሲሞን አለ፣ በገንዘብ መንፈስ ቅዱስን ሊገዛ የመጣው። ግሪኩ ስለ እሱ የሚጠቀመው ቃል ሥሩ ያው ነው። የእኛ አባቶች ሲተረጉሙ ግን የቤተልሔሞቹን ሰብአ ሰገል አሏቸው፣ እሱን ሲሞን መሠርይ። ዛሬ መሠሪ የምንለው ተንኮለኛውን ሰው ነው። ሥራይ ደግሞ በግዕዝ መድኃኒትም ነው፣ አስማትም ነው። የግሪኩ ፋርማኮንም እንደዚያው ነው፤ መድኃኒትም መርዝም መተትም ማለት ሲሆን ዛሬ በየመንገዱ ዳር ያለው ፋርማሲ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። እኛም ቤት «መድኃኒት አዋቂ» ስንል እናከብራለን፣ «መድኃኒት አደረገችበት» ስንል ሴትዮዋን እንወነጅላለን። ቅጠሉ ያው ቅጠል ነው።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ አንድ ቃል ነው፤ ጠይብ። በእኛ አገር ጠይብ ማለት ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ባለእጅ ማለት ነው። በሹክሹክታ ሲባል ደግሞ ቡዳ ማለት ነው። ቃሉ የመጣው ጠቢብ ከሚለው ነው። አንዱ ሙገሳ፣ አንዱ ስድብ። እንግሊዞች ዊዛርድ የሚሉት ቃል እንኳ የወጣው «ዋይዝ» ከሚለው ነው፤ ያም ጠቢብ ማለት ነው። እነሱ ጠቢባቸውን ባለ ረጅም ባርኔጣ አዛውንት አድርገው ለልጆቻቸው ተረት አወረሱት። እኛ ጅብ አደረግነው።

ብረት ሠሪን መፍራት በብዙ አገር አለ። ሳይቤሪያ ያሉት ያኩቶች «ቀጥቃጭና ቃልቻ ከአንድ ጎጆ የወጡ ናቸው» የሚል ዓይነት አባባል አላቸው። በምዕራብ አፍሪካ በማንዴ ሕዝቦች ዘንድ ቀጥቃጩ ይከበራልም፣ ይፈራልም፣ ጋብቻውም ለብቻው ነው። አየርላንድ ውስጥ በቅዱስ ፓትሪክ ስም የሚጠራ ጥንታዊ ጸሎት አለ፤ እዚያ ላይ ሰውየው ከሴቶች፣ ከቀጥቃጮችና ከጠንቋዮች ድግምት እንዲጠበቅ ይለምናል። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ክው አልኩ። የእኛ ክታብ ላይም እኮ ቡዳና ነሃቢ ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ ነሃቢ ቀጥቃጭ ነው። አያቴ በገዛ እጃቸው ጽፈውታል። ማረሻችንን የሚስል፣ ቢላችንን የሚሠራ፣ ወፍጮ የሚወቅር ሰው ስም ከአጋንንት ጋር ተሰልፎ!

ጎንደር ላይ ደግሞ ይህ ነገር ሥር የሰደደ ነው። በ1770 እ.ኤ.አ. እዚህ የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ማታ ማታ የከተማው መንገድ በጅብ ይሞላ እንደነበር ጽፏል። ሰዉም እነዚህ ጅቦች በአስማት የተለወጡ በአካባቢው ተራራ የሚኖሩ ፈላሾች ናቸው ብሎ ያምን እንደነበር አብሮ ጽፏል። ቤተ እስራኤል ማለት ነው። እነሱ መሬት ስለሌላቸው ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ፣ ሸማ ሸመኑ፤ ግንብ ሲሠራም ሠሩ። ቀን ገበያ ላይ እቃቸውን ገዝተን ማታ ጅብ አልናቸው። ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለው ጅብ ተገደለ የሚለውን ተረት ያልሰማ የእኛ አገር ልጅ አለ? መንደራቸው ወለቃ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው፤ አብዛኞቹ በ1984 እና 1985፣ ከዚያም በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ሄደዋል። ሰዎቹ ሄዱ፣ ስሙ ግን ቀረና በሌሎች ባለእጆች ላይ ዞረ። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ክልክል ነው ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ገበያ ድረስ የወረደ አይመስለኝም።

አሁን የራሴን ልናገር። ይህን ለማንም ጽፌ አላውቅም።

ልጅ ሳለሁ ክረምቱን የማሳልፈው ደንቢያ፣ እናቴ ዘመዶች ዘንድ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ታመምኩ። ያንቀጠቅጠኛል፣ ከዚያ ይተኩሰኛል፣ እቃዣለሁ። ደንቢያ የወባ አገር መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ግን የዚያን ቀን ቤቱ ውስጥ የነበሩት አሮጊቶች ዓይኔ ሲዞር አይተው «ይኼ ልጅ ተበልቷል» አሉ። ሰው ተጠርቶ መጣ። ጭስ አጨሱብኝ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ሥር አፍንጫዬ ላይ ያዙ፤ ሽታው እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ከዚያ ማስለፍለፍ ተጀመረ። «ማን ነህ? የት አገኘኸው? ምን ሲበላ አየኸው?» አንዱ እግሬን ይዟል፣ አንዱ እጄን። «ተናገር! ማን ነህ?» ደጋግመው ጠየቁኝ፣ ደጋግመው፣ መልስ እስክሰጥ ድረስ እንደማይለቁኝ በትኩሳቱም ውስጥ ሆኜ ገብቶኛል፤ እኔ ደግሞ እንዲለቁኝ ብቻ ነበር የምፈልገው፣ ስም የሚሉት ነገር ከሆነ ስም ልስጣቸው አልኩና መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣልኝን ስም ጠራሁ።

የሸክላ ሠሪዋን ስም ነበር። ጀበናና ምጣድ እየያዘች ቅዳሜ ቅዳሜ በደጃችን የምታልፍ ሴት። በዚያው ሳምንት ትንሽ የጭቃ በሬ ሠርታ ሰጥታኝ ነበር። ለዚህም ይሆናል ስሟ ቶሎ የመጣልኝ።

በማግሥቱ አጎቴ ከመንገድ ደርሶ ሲሰማ ተቆጣ፤ በበቅሎ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ደሜን አዩና ወባ ነው አሉ፣ ክኒን ሰጡኝ፤ በሳምንቱ ከልጆች ጋር ሜዳ ላይ ነበርኩ። ወባ መሆኑን ግን ለመንደሩ የነገረ የለም። ብነግራቸውስ ማን ይሰማኛል። ልጁ ራሱ ለፍልፏል ተብሏል። ያቺ ሴት ከዚያ ወዲያ በደጃችን አላለፈችም። ሰው ሸክላዋን መግዛት አቆመ፤ ልጆች ሲያዩዋት ይሮጣሉ፣ እኔም ከእነሱ ጋር ሮጫለሁ። በሁለተኛው ዓመት ስመለስ ቤቷ ባዶ ነበር፤ ወደ የት እንደሄደች የሚያውቅም የሚጠይቅም አልነበረም።

ካደግኩ በኋላ አስተማሪ ሆንኩ፤ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ ካታሪና ኬፕለር ያነበብኩ ዕለት መጽሐፉን ዘግቼ ወጥቼ ሄድኩ። ልጇ ዮሐንስ ኬፕለር ነው፣ ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ በምን ዓይነት መንገድ እንደሚዞሩ ያወቀው ሊቅ። እናቱ ቅጠል የምታውቅ የጀርመን አገር ባልቴት ነበረች። ጎረቤቷ «ያጠጣችኝ መጠጥ አሳመመኝ» ብላ ከሰሰቻት። ነገሩ ከ1615 እስከ 1621 እ.ኤ.አ. ተጓተተ። ከ70 ዓመት ያለፈች ሴት ከአንድ ዓመት በላይ በሰንሰለት ታስራ፣ የማሰቃያ መሣሪያውን እያሳዩ «እመኚ» አሏት። አላመነችም። ልጇ ሥራውን ትቶ ሄዶ ተከራከረላት፣ ተፈታች፣ ዓመት ሳይሞላት ሞተች። እሷስ ኬፕለር የሚባል ልጅ ነበራት። በአውሮፓ በእነዚያ ዘመናት በጥንቆላ ተከሰው ከ40 ሺህ እስከ 60 ሺህ ሰው ተገድሏል ይላሉ ታሪኩን ያጠኑት፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ሴለም በምትባል ከተማ በ1692 እ.ኤ.አ. 20 ሰው የተገደለው ልጃገረዶች ስም እየጠሩ ነው። ልጆች እንደ እኔ፣ ዙሪያቸውን ተከበው «ማን ነው?» እየተባሉ።

በነገራችን ላይ የተማረ ሰውን በአስማት መክሰስ ለድሆች ብቻ የተተወ አልነበረም። በ999 እ.ኤ.አ. የሮማ ፓፓ የሆነው ሲልቬስተር ዳግማዊ ሒሳብና ሥነ ፈለክ ስለሚያውቅ ብቻ ከሞተ በኋላ ከሰይጣን ጋር የተዋዋለ ነው ተብሎ ተወርቶበታል።

እንግዲህ አጭበርባሪ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ እኔም አውቃለሁ። የወዳጄ ልጅ የሚጥል በሽታ ነበረባት። ጥምጣም የጠመጠመ አንድ ሰው የበሬ ዋጋ የሚያህል ብር ተቀብሎ «የሐኪም ክኒን ከወሰደች የእኔ አይሠራም» አለ። ክኒኗን አቋረጡ። ልጅቷ ምድጃ አጠገብ ወደቀች፤ ጠባሳው ፊቷ ላይ አለ። ሰውየው አንድም ቀን ማኅሌት ቆሞ አያውቅም፤ ድጓ ይሁን ጾመ ድጓ የሚለይም አይመስለኝም። ያንን ሰው ደብተራ ብላችሁ ስትጽፉ የምትሰድቡት በዓታ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆሙትን ነው፤ እሱን ራሱን ደግሞ የሌለውን ማዕርግ ትሰጡታላችሁ። አጭበርባሪ በሉት። ሌባ በሉት። ሐኪም እንዳታይ የከለከለ ሰው ወንጀለኛ ነው፣ በስሙ ጥሩት። ጎንደር ላይ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲሠለጥን ኖሯል፤ መድኃኒቱ እያለ ልጅ መቃጠል የለባትም።

ሌላም የሚያንገበግበኝ አለ። አያቴ ሲሞቱ አባቴ ብራናቸውን ሰብስቦ ጓሮ አቃጠለው። «ሰው ምን ይላል፣ የጠንቋይ ልጅ ይሉኛል» ብሎ ነው። ክታቡም፣ የቀለም አወጣጡን የጻፉበትም፣ ስለ ቅጠላ ቅጠል የጻፉት ደብተርም አብሮ ነደደ። ስንት ቅጠል፣ ለምን ሕመም፣ ምን ያህል እንደሚሰጥ ጽፈው ነበር። በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ሚሲዮን ጎንደር መጥቶ ወራት ተቀምጧል። ዛር ቤት ገብተው ባለዛሮቹን እየጠየቁ ጻፉ፣ ክታብ ሰበሰቡ፣ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከግድግዳው ላይ ነቅለው በቅጂ ተኩ። ዋናው ሥዕል ዛሬም ፓሪስ ነው። የእኛ ክታብ እዚያ ሙዚየም ውስጥ በመስተዋት ተከልሎ የጥበብ ሥራ ይባላል፤ ሰው ከፍሎ ያየዋል። እነሱ ዛር የያዘው ሰው «የዛር ፈረስ» እንደሚባል መዘገቡ። ባሕር ማዶ ሃይቲ ውስጥም መንፈስ የወረደበትን ሰው ፈረስ ነው የሚሉት፤ ይህ እንዴት ሊገጣጠም ቻለ ብሎ የሚመረምር የእኛ ልጅ ስንት አለ? እኛ አፍረን አቃጠልነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ስለ አስማተኞች ደግማችሁ ስትጽፉ ሰው ላኩና በዓታ ድረስ ይምጣ። መሪጌቶቹ ያናግሩታል፤ እኔም አብሬው እሄዳለሁ። ባለእጆቹንም ይጠይቅ፤ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ውስጥ ምን እንደሚባሉ፣ ጋብቻ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ይጻፍ። «ቡዳ» የሚለውን ቃል ለቀልድ አምድ አትጠቀሙበት። በ2022 እ.ኤ.አ. የስኮትላንድ መንግሥት መሪ በጠንቋይነት ተከሰው ለተገደሉት ይቅርታ ጠይቃለች፤ ከተገደሉ ስንት መቶ ዓመት በኋላ። እኛ ዘንድ ግን የተሰደቡት ገና በሕይወት አሉ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ጀበና ይዘው ተቀምጠዋል፤ ይቅርታ ልንላቸው እንችላለን።

እኔም ያቺን ሴት ፈልጌያታለሁ። አምና ደንቢያ ወርጄ በዕድሜ የገፉትን ስጠይቅ አንዲት እናት «ልጇ ጎንደር ናት ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉኝ። እየጠየቅኩ ነው። ካገኘኋት ወባ እንደነበረ እነግራታለሁ። የእናቷን ስም እዚህ አልጻፍኩትም፤ የምነግረው መጀመሪያ ለልጅቷ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የጎንደር አንባቢያችሁ